ቤታችን የገባው ፍርሃት የማን ነው?

«ፊልም እኮ ነው! ተረት እኮ ነው! ምን ይጎዳል?»

ውድ አንባቢያን! ይህን መልስ ከልጁ አፍ ያልሰማ ወላጅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የይፋት ቆላ ሌሊት ሞቃት ነው። በሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም አልፎ በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያስወጣዋል። ከዒሻእ ሶላት በኋላ ደጅ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ቀድሞ የሚደመጠው የአዛውንት ወግ ነበር። በቀትር ወንዝ ዳር ጂን የመታው እረኛ፣ በመግሪብ ሰዓት አመድ ላይ ፍል ውሃ ደፍታ ያበደች ሙሽራ፣ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ የሚሆን ጎረቤት... ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ ወጣት ቪዲዮ ቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ተራኪው ተለወጠ እንጂ ሸቀጡ ያው ፍርሃት ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው «ጨዋታ ነው፣ ተዉዋቸው» ይላል። ሁለተኛው «ሁሉም ሐራም ነው፣ ስልኩን ንጠቁ» ይላል። እኛ ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልፈውታል እንላለን። አንድ አስፈሪ ታሪክ የሚመዘነው በፈሰሰው ደም ብዛት ወይም በአድማጩ ጩኸት አይደለም። ታሪኩ ካበቃ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በሰሚው ልብ ውስጥ ምን ትቶ ሄደ? ምን አሳመነው? ማንንስ እንዲጠረጥር አደረገው? መለኪያው ይህ ነው።

*አንባቢው ራሱን ሲገልጥ*

ሸርሊ ጃክሰን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ በሰኔ 26 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) «ዘ ሎተሪ» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ በ«ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ አወጣች። ታሪኩ ስለ አንዲት ሰላማዊ የምትመስል መንደር ነው። ነዋሪዎቿ በየዓመቱ ተሰብስበው ዕጣ ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣበትን ሰው የገዛ ጎረቤቶቹና ቤተሰቡ በድንጋይ ይገድሉታል። ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም፤ «ልማድ ነው» ብቻ ነው።

በዚያው ክረምት ለደራሲዋ ከ300 በላይ ደብዳቤዎች ደረሷት። አብዛኞቹ የግራ መጋባት፣ የመላ ምትና የስድብ ነበሩ። እርሷን ከሁሉ ይልቅ የከነከኗት ግን ሌሎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ዕጣ የሚጣልበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ሄደው ማየት ይችሉ እንደሆነ የጠየቁ ሰዎች ነበሩና! ሱብሓነላህ! ታሪኩ የተጻፈው በጭፍን ልማድ ሰው መግደልን ሊያስጠላ ነው፤ አንዳንዱ አንባቢ ግን ትርኢቱ እንዳያመልጠው ሰጋ። የታሪኩ መስተዋት መንደሪቱን ብቻ ሳይሆን አንባቢውንም አሳየ ማለት ነው።

ይኸው ታሪክ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ለትምህርት ቤቶች የሚሆን አጭር ፊልም ሆኖ ተሠራ። በሚኒሶታ ግዛት ፎረስት ሌክ በተባለ ቦታ ወላጆች ፊልሙን ተቃወሙ፤ የትምህርት ቦርዱም ከክፍል አስወጣው። ጽሑፉ ግን በቤተ መጻሕፍት እንዳለ ቀረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ እንዲመለስ ተወሰነ። እዚህ ላይ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አንመረምርም፤ የወላጆቹን ምዘና ግን ልብ እንበል። አንድ ታሪክ ነው፤ በወረቀት ሲሆን ያለፉትን በሥዕል ሲሆን ፈሩት። እኛስ? እኛም እንደዚሁ ነን። ልጃችን ደም ያለበት ፊልም ሲያይ ከደረስንበት እንቆጣለን። በዚያው ምሽት «የእገሊት ዓይን ሰው ይበላል» የሚል ወግ በፊቱ ሲወራ ግን ሻይ እየቀዳን እናዳምጣለን። ከሁለቱ የትኛው ነው በልጁ ላይ ሲያድር ሰው የሚጎዳው?

*በር ያንኳኳው ማን ነው?*

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ጃኮብስ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን «የዝንጀሮ እጅ» ሊባል የሚችል አጭር ታሪክ በሮቢት ለተሰበሰቡ ጥቂት ወጣቶች በአማርኛ ተረከላቸው። አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ የዝንጀሮ እጅ ያገኛሉ። ገንዘብ ይመኛሉ፤ ገንዘቡ የሚመጣው አንድ ልጃቸው በፋብሪካ መኪና ተጨፍልቆ ሞቶ የካሳ ክፍያ ሆኖ ነው። እናት ልጇ ከመቃብር እንዲመለስ ታስመኛለች። ሌሊት በር ይንኳኳል። እርሷ መቀርቀሪያውን ለመክፈት ስትታገል አባት የመጨረሻውን ምኞት ይመኛል፤ በሩ ሲከፈት ደጁ ባዶ ነው። ያንኳኳውን ማንም አላየውም።

ወጣቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ ልጅ «ልጃቸው የሞተ ዕለት ‹ኢና ሊላሂ› ቢሉ ኖሮ በሩ አይንኳኳም ነበር» አለች። ሌላው «ይቺ እጅ እኮ ክታብ ናት! እኛም ሰፈር ከአንገት እስከ ክንድ ይታሠራል» አለ። ክርክሩ ስለ ቀደር፣ ስለ ሶብር፣ ስለ ክታብ ሆኖ አመሸ።

ከመካከላቸው ሁለቱ ቀደም ብለው በዚያው ስም በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን የአሜሪካ ፊልም አይተው ነበር። ፊልሙ ደጁን ባዶ አልተወውም፤ ሙቱን መልሶ አምጥቶ ሰው እያሳደደ እንዲገድል አድርጎታል። ከፊልሙ ምን እንደቀረላቸው ቢጠየቁ የነገሩን ስለ ሟቹ ፊትና ስለ አገዳደሉ ብቻ ነበር። ስለ ምኞት ወይም ስለ ቀደር አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ከዚህ ተነሥተን «ጽሑፍ ሁሉ መልካም፣ ፊልም ሁሉ መጥፎ» አንልም። በፊልም የተሠሩ ብዙ መልካም ሥራዎች አሉ፤ ከጽሑፍም ብዙ መርዝ አለ። የምንለው፦ ፍርሃትን የጥያቄ መግቢያ በር ያደረገ ታሪክ ልጁን ያስባል፤ ፍርሃትን መዳረሻው ያደረገ ግን ምስል አሸክሞ ወደ መኝታው ይሰደዋል።

*የቁርኣን ቃል ፖስተር ላይ ሲሰቀል*

ሦስተኛው ዓይነት ግን ከሁለቱም ይከፋል፤ ምክንያቱም የሚመጣው የእኛን ልብስ ለብሶ ነው። በቱርክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የሐሰን ካራጃዳግ «ዳበ» የተባለ ፊልም ወጣ፤ ተከታታዮቹም መጡ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአልፐር መስትቺ «ሲጂን» ተከተለ፤ እርሱም በየዓመቱ ሊባል በሚችል መልኩ ቀጠለ። «ዳባህ» በሱረቱ ነምል ከቂያማ ምልክቶች አንዱ ሆኖ የተነገረ ቃል ነው። «ሲጂን» ደግሞ በሱረቱል ሙጦፊፊን የአመጸኞች መዝገብ የሚገኝበት ተብሎ የተገለጸ ነው። እነዚህ ቃላት ሰውን ለሒሳብ ቀን እንዲዘጋጅ ሊያነቁ የወረዱ ናቸው። በፊልሙ ፖስተር ላይ ግን የቲኬት መሸጫ ሆኑ።

«ቢያንስ ወጣቱ ስለ ጂንና ስለ ሲሕር እንዲያውቅ ያደርጋሉ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ምን እንዲያውቅ? የ«ሲጂን»ን ታሪክ እንይ። ባለትዳር ዘመዷን ያፈቀረች ሴት በሚስቱ ላይ ሲሕር ታሠራለች፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ሰው ይሞታል። ወጣቱ ከዚህ የሚማረው ተውሒድን አይደለም። ትዳርህ ቢናወጥ፣ ልጅህ ቢታመም ዘመድህን ጠርጥር የሚል ትምህርት ነው። ሲሕር መኖሩን እኛ አንክድም፤ ቁርኣን ነግሮናል። ግን ያው የሱረቱል በቀራህ 102ኛ አንቀጽ ድግምተኞች ያለ አላህ (ሱ.ወ.) ፈቃድ ማንንም መጉዳት እንደማይችሉ ይናገራል። ፊልሙ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን ግማሽ ጣለው። ግማሽ አንቀጽ ደግሞ ዒልም አይደለም።

አስፈሪ ነገር የጻፈ ሁሉ እንዲህ አላደረገም። ግብፃዊው ሐኪምና ደራሲ ዶክተር አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ማ ወራአ አጥ-ጦቢዓህ» የተባሉ አጫጭር አስፈሪ መጻሕፍት ለወጣቶች አሳትሟል። የታሪኮቹ ባለታሪክ አዛውንት ሐኪም ነው፤ የሰማውን ሁሉ የሚጠራጠር፣ ከማመኑ በፊት የሚመረምር። ደራሲው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት በጦንጣ ከተማ ቀብሩን ያጀቡት በእነዚያ መጻሕፍት ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። ሥራው በ2020 (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ ፊልም ቀርቧል። በየመጽሐፉ ያለው ሁሉ ትክክል ነው አንልም። ግን አስፈሪ ታሪክ ልጅን ጠያቂ ሊያደርገው እንደሚችል ማስረጃ ነው።

*ጂን ወይስ ወባ?*

እስካሁን ያልነው የመጽሐፍ ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ቤታችን እንመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወርሃ ጥቅምት ነው። በሰፈራችን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከታላላቆቹ ጋር ሁለት ሌሊት በስልክ የጂን ፊልም ሲያይ አመሸ። በሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጠው፤ ሌሊቱን በትኩሳት ቃዠ። «ዓይኑ! ዓይኑ!» እያለ ጮኸ፤ ሰውነቱም ተንዘፈዘፈ። ቤቱ ወዲያውኑ ፈረደ፦ «ፊልሙን ሲያይ ጂን ገባበት!» ጭስ ተጨሰ። አውራ ጣቱ ተጨምቆ «ማን ነህ? ስምህን ተናገር!» ተባለ። ልጁ በቅዠቱ መሐል ቆሎ እየቸረቸረች ብቻዋን የምትኖር አንዲት ባልቴት ስም ጠራ። ከእጇ ቆሎ የሚገዛ ልጅ ስሟን ቢጠራ ምን ይደንቃል? ግን የሰፈሩ ዓይን በዚያች ሌሊት ወደ እርሷ ዞረ።

በማግስቱ ለማስቀራት የተጠሩት ሸኽ መጡ። እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩና ወደ እናቱ ዞሩ። «አንቺ ልጄ፣ ይህ ልጅ እየነደደ ነው! ሐኪም ቤት ሳትወስጂው ነው እኔን ያስጠራሽኝ? ተነሺ፤ እኔም እመጣለሁ፤ የምቀራውን እዚያው አልጋው ሥር እቀራለሁ» አሉ። ደሙ ሲመረመር ወደ አንጎል የወጣ ወባ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተረፈ። ትምህርት ግን እንደ ቀድሞው አይገባውም። ባልቴቲቱንም ይቅርታ የጠየቃት የለም፤ እስከ ዛሬ ሕፃናት ደጇን ሲያልፉ ይሮጣሉ።

ወባውን ፊልሙ አላመጣውም፤ ትንኝ ናት ያመጣችው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ክረምት ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ እንደሚበረታባት ሁሉም ያውቃል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ወደ አንጎል ሲወጣ ያስቃዣል፣ ያንዘፈዝፋል፣ ራስን ያስታል፤ ካልታከመም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። መርፌ መድኃኒቱ አለ፤ የሚፈልገው በጊዜ መድረስን ነው። ፊልሙ ያደረገው ለበሽታው ስም ማውጣት ነው። ያ ስም አንድ ሌሊት በላ፤ የአንዲት ባልቴትንም ክብር በላ።

ወባ ብቻም አይደለም። በመስቃንና ማረቆ ገጠር ተደርጎ በ1990 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። ለሌሎቹ ምን ስም ወጥቶላቸው ይሆን? ገምቱት!

*ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተረኩት*

«ታዲያ እስልምና የሚያስፈራ ወግን ፈጽሞ ይከለክላል?» ለሚል፣ የሚከተለውን እንመልከት። በሶሒሕ ሙስሊም ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈችው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎችን በመስጊድ ሰብስበው የተሚም አድ-ዳሪን ታሪክ ተርከዋል። ማዕበል ወደ ደሴት የጣላቸው መንገደኞች፣ ፊትና ኋላው የማይለይ ባለ ብዙ ፀጉር እንስሳ፣ በብረት የታሠረው ደጃል... ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ምን አለ? ግን እንዴት እንደተረኩት ልብ በሉ። ሚንበር ላይ ፈገግ እያሉ ተቀመጡ። የሰበሰቧቸው ለማጓጓትም ለማስፈራራትም እንዳልሆነ በቅድሚያ ነገሯቸው። ምንጩ ማን እንደሆነ በስሙ ጠሩ። ከታሪኩም ሰሚው የተማረው ከፊትና መጠንቀቅን ነው።

በሌላ በኩል አቡ ዳውድ ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ከሶሐቦች አንዱ በጉዞ ላይ ተኝቶ ሳለ ጓደኛው ገመዱን ሲወስድበት ደንግጦ ነቃ። ነገሩ ቀልድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። ገመድ ነው እንግዲህ! አንዲት ገመድ ይህን ያህል ከተባለባት፣ ሕፃን ተኝቶ እንዳያድር በምስልና በድምፅ ታቅዶ የተሠራውስ?

የቀድሞ ዑለማዎቻችን በዚህ ነገር ንቁ ነበሩ። ኢማም ሻፊዒይ (ረ.ሐ.) ነቢይ ሳይሆን ጂንን በዓይኔ አያለሁ ያለን ሰው ምስክርነት እንደማይቀበሉ ተዘግቦላቸዋል። የበስራው አዲብ አል-ጃሒዝም «ኪታቡል ሐየዋን» በተባለው መጽሐፉ የበረሃ ጉል ወሬ ከየት እንደሚመነጭ ጽፏል። ብቻውን በምድረ በዳ የሚያድር ሰው ጥቂቱ ነገር ይበዛበታል፤ ያልሰማውን የሰማ ይመስለዋል፤ ያን በግጥም ያወራል፤ ልጆች በዚያ ወሬ ያድጋሉ፤ ካደጉ በኋላ የጉጉት ድምፅ በጨለማ ሲሰሙ ወሬውን በዓይናቸው ያዩት ይመስላቸዋል። ይህ የተጻፈው ከ1,100 ዓመታት በፊት ነው። ስለ እኛ ሰፈር የተጻፈ አይመስልም?

*ለራሳችን ሰዎች*

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ነቀፋው ወደ ሩቅ አገር ፊልም ሠሪ ብቻ የሚላክ አይደለም። ከእኛው መካከል በታመመ ሰው ላይ ሲቀራ ካሜራ የሚደቅን፣ የታማሚዋን ጩኸት ቀርጾ በየስልኩ የሚበትን፣ ጂኑ «እገሌ ላከኝ» ሲል እንደ ማስረጃ የሚያሰማ ሰው አለ። ሩቅያ የታወቀ ሱና ነው፤ የታመመን ማጽናኛ፣ ወደ አላህ (ሱ.ወ.) መሸሺያ ነው። ካሜራ ፊት ሲቀርብ ግን ከዚያ ፊልም በምን ይለያል? ይልቁንም ይብሳል፤ ፊልሙ ቢያንስ ተዋናይ ከፍሎ ነው የሚያስጮኸው። የእኛው የእህታችንን ገመና በነፃ ይሸጣል። ውሸታም መሆኑ በታወቀ ሸይጣን ቃልስ ጎረቤት ይከሰሳል? ሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘዘን ለማን ነው?

ደግሞም የይፋት ልጆች ፍርሃት ጎድሏቸው አያውቅም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ሲያልፍባት የሆነውን አይተዋል። እውነተኛ ሌሊት ያደረ ልጅ የሚያስፈልገው እናትና አባቱ አጠገቡ መሆናቸውን፣ ከእነርሱም በላይ የማይተኛ ጠባቂ እንዳለው ማወቅ ነው።

*ምን እናድርግ?*

ስልክ መንጠቅ ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ከጎረቤት ስልክ ያየዋል። አብረን እንቀመጥ፤ ያየውን ይንገረን፤ «ከዚህ ምን አመንክ? ማንን ፈራህ?» ብለን እንጠይቀው። ወግ እናውራ፤ ግን በሕይወት ያለን ሰው ስም በጂንና በቡዳ ወግ ውስጥ አናስገባ። ልጅ ሲያተኩስ ቢስሚላህ ብለን መጀመሪያ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው፤ ቂርኣቱ መንገድ ላይም፣ አልጋው ሥርም ይቻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋልና ሕክምናው ራሱ ሱና ነው። የሰፈር ወሬ ደጇን ያዘጋባት ባልቴት ካለች ደግሞ ነገ ጠዋት ልጃችንን እጁን ይዘን እንሂድ፤ ሰላምታ እናቅርብላት፤ ቆሎ እንግዛት። አንድ ሺህ ስብከት የማይነቅለውን ፍርሃት ይህች አንዲት ጉዞ ልትነቅለው ትችላለች።

በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 175ኛ አንቀጽ ሸይጣን ሰውን በወዳጆቹ እንደሚያስፈራራ፣ ምእመናን ግን እነርሱን ሳይሆን አላህን (ሱ.ወ.) እንዲፈሩ ተነግሮናል። እንግዲህ ፍርሃትም ባለቤት አለው። ቤታችን የገባው ፍርሃት ወደ ሶላት፣ ወደ ሐቅ፣ ወደ ጎረቤት የሚያቀርበን ከሆነ ከአላህ ፍራቻ የመነጨ ነው። ጎረቤታችንን የሚያስጠላን፣ ሕመምተኛችንን የሚያስረሳን ከሆነ ግን ባለቤቱን እናውቀዋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ልብ ከከንቱ ፍርሃት፣ ምላሳችንንም ከንጹሐን ክብር ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።